ያረጀ ባትሪ ወደ ሻጩ ይመለስ

በሐዋሳ ከተማ ባትሪ የማያስፈልገው የንግድ ቤት ከቶ አይገኝም ለማለት ይቻላል። ባጃጁ፥ የጭነት መኪናው፥ የሆቴሉ ጄኔሬተር፥ መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን የሚያቆየው መሣሪያ ሁሉ ባትሪ ይፈልጋል። አዲሱ ሲገዛ ዋጋውና የተሠራበት አገር ተጠንቅቆ ይጠየቃል፤ አሮጌው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ነጋዴ ግን ጥቂት ነው።

አሮጌ የመኪና ባትሪ ዋጋ ያለው ዕቃ መሆኑን ከባለሱቁ ይልቅ ቆራሌው አሳምሮ ያውቃል። ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው፤ እርሳስም ደጋግሞ እየቀለጠ ስለሚሠራ ገበያ አያጣም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከማቅለጫው አስቀድሞ ነው። ገዢው ለአሲዱ ክብደት መክፈል ስለማይወድ፥ ተሸካሚውም ልብሱንና ቆዳውን እንዳያቃጥለው ስለሚፈራ፥ ባትሪው በጓሮ ተገልብጦ አሲዱ ይደፋል። የሚደፋውም አሲድ ብቻ አይደለም፤ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳው እርሳስ አብሮት ይፈሳል።

ወንዝ ጠርጎ ይወስደዋል የሚል ቢኖር (ይህም ለጎረቤት መላክ እንጂ ማስወገድ አይባልም) በሐዋሳ አይሠራም። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃን ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ጎርፍ ከየጓሮው ያጠበው ሁሉ በአሞራ ገደል ዓሣው በሚሸጥበት በዚያው ሐይቅ ይቀራል።

በሴኔጋል፥ በዳካር አጠገብ በምትገኘው ቲያሮዬ ሱር ሜር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ ድረስ 18 ሕፃናት ሞተዋል። ሰዎቹ ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም፤ የባትሪ እርሳስ የተቀላቀለበትን አፈር እያበጠሩ ለኑሯቸው ይሸጡ ነበር።

በአገራችን የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ወደ ውጭ ለመላክ የሚያስብ ላኪም ኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የተቀበለችውን የባዝል ስምምነት ማስታወስ ይገባዋል፤ የተቀባዩ አገር ፈቃድ አስቀድሞ በጽሑፍ ሳይገኝ አሮጌ ባትሪ ከወሰን አይሻገርም።

ይሁን እንጂ ባለሱቁ የሕግ ሰው እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዘዴውን ከጠርሙስ ንግድ ያውቀዋል። ባዶ ጠርሙስ ያልመለሰ ደንበኛ ማስያዣ ይከፍላል። ባትሪም እንዲሁ ቢሸጥ፥ አሮጌውን ከነአሲዱ ላመጣ ዋጋው ቢቀነስለት፥ በጓሮ የሚገለብጠው አይኖርም። የተመለሰው ሳይጋደም በፕላስቲክ ገንዳ፥ ዝናብ በማይነካው ስፍራ ይቀመጣል። የስልክ ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ ለብቻው ይያዝ።

የማጓጓዣውን ወጪ ማን ይችላል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ትንሹ ባለሱቅ ሊሸከመው አይችልም፤ አስመጪው ግን አዲሱን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ መኪና አለው። ለጊዜው በደረሰኙ ላይ አንድ መስመር ቢጨመር ይበቃል፦ «አሮጌው ተመልሷል» ወይም «አልተመለሰም»።