ከገዳሪፍ እስከ ጎንደር በብስክሌት

ይህ እትም ስለ ድንበር መንገዶች ነው፤ መሪ ጽሑፉን ለብስክሌተኞች የሰጠነው ግን አስበንበት ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው «ቱር ዳፍሪክ» የተባለው የቡድን ጉዞ ከካይሮ ኬፕታውን ለመድረስ 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል በአራት ወር ሲያቋርጥ፣ ለብዙ ዓመታት ወደ አገራችን የሚገባው ከሱዳን በገዳሪፍ፣ በጋላባትና በመተማ በኩል ነበር።

የገዳሪፍ አገር ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፤ ጥቁር አፈር፣ የማሽላና የሰሊጥ እርሻ። ሐሩሩ አናት ይበሳል እንጂ እግር አይፈትንም። ፈተናው ከመተማ ወዲህ ነው። ሸኸዲን አልፎ ወደ አይከል ሽቅብ ሲባል ማርሹ ይቀላል፣ ወገብ ከኮርቻው ይነሳል፣ ሕፃናት ጎን ለጎን እየሮጡ ይጮኻሉ። ጎንደር እስኪደረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በዚያው አስፋልት ጓዛቸውን የተሸከሙ ስደተኞች ወደ መተማ ተሻግረዋል። ጦርነቱ ከመፈንዳቱ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ ከትግራይ የሸሹ ወገኖቻችንን ገዳሪፍ በኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ አስጠልላለች። ይህ ውለታ ሊረሳ አይገባም እንላለን። ስለዚህ ከብስክሌተኞቹ ማስታወሻ ጎን የስደተኞቹን ቃል ሳናሳጥር አትመናል።

አዘጋጁ