ለቀጥቃጩ ጉልበት +2፣ ሞገስ −2

ይህን ከመጻፌ በፊት አንድ ወዳጄን አስፈቅጃለሁ። «ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፈው» አለኝ። ስለዚህ ስሙንም ሰፈሩንም እዚህ አትፈልጉት።

ነገሩ የጀመረው ኢንተርኔት በጠፋበት ጊዜ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲዘጋ፣ እንደ እኔ በየጽሑፉ እየተከፈለው የሚኖር ጋዜጠኛ ሥራ ፈትቶ ቁጭ አለ። ከመሸ መውጣት የለም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አራት አምስት ሆነን አንድ ጓደኛችን ቤት እንሰበሰብ ነበር። ካርታውም ዳማውም ሰለቸን። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት ከዓመታት በፊት አውርዶ ላፕቶፑ ላይ የተወውን መጽሐፍ አወጣ፦ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ስክሪን የማይፈልግ፣ በወረቀትና በወሬ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥረው ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። ተራኪው «በሩ ተቆልፏል፣ ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። «እሰብረዋለሁ» የሚል ካለ ዳይስ ይጥላል፤ በወጣው ቁጥር ላይ የጉልበቱ ነጥብ ይደመርለታል። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጎንደር ላይ ከየት ይመጣል? ከ1 እስከ 20 የጻፍንባቸውን ወረቀቶች ጠቅልለን ኩባያ ውስጥ እየነቀነቅን እናወጣ ነበር፤ ልክ እናቶቻችን ዕቁብ ሲያወጡ እንደሚያደርጉት።

እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስድስት ነጥቦች አሉት፤ እኛ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ማስተዋልና ሞገስ ብለን ተረጎምናቸው። መጽሐፉ ግን አስቀድሞ «ዘርህን ምረጥ» ይልሃል። ሰው፣ ኤልፍ፣ ድዋርፍ፣ ግማሽ ኦርክ። ዘሩ ከነስጦታው ነው የሚመጣው። እኛ እጅ በገባው እ.ኤ.አ. የ2014 እትም ኤልፍ ቅልጥፍና +2፣ ድዋርፍ ጽናት +2፣ ግማሽ ኦርክ ጉልበት +2 እና ጽናት +1 ያገኛል። «ዘርህን ምረጥ» የሚለው በአማርኛ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ሁላችንም ሳቅን። እዚህ አገር ዘር ተመርጦ አያውቅማ።

ተራኪው እኔ ነበርኩ። የፈረንጁን ዓለም ትቼ የራሳችንን ለመሥራት ወሰንኩ፦ እንደ ሰሜን ተራሮች ያለ ደጋ፣ አምባ፣ ግንብ ያለው ከተማ፣ ከሥሩ ቆላ። አምስት ሕዝቦችም ፈጠርኩ። ለደገኛው ጽናት +2፣ ለቆለኛው ቅልጥፍና +2 እያልኩ ሄድኩ። አንደኛው ሕዝብ «ቀጥቃጮች» ይባላል። ከከተማው ውጭ በወንዝ ዳር ይኖራሉ፤ ብረት ይሠራሉ፤ ጉልበት +2፣ ዕውቀት +1፣ ሞገስ −2። ሌሊት ጅብ መሆን ይችላሉ። እውነቱን ለመናገር አሪፍ መስሎኝ ነበር። ለጅቡ ሕግ ለማውጣት ብቻ ሁለት ሌሊት ሠርቻለሁ።

ወዳጄ ወረቀቱን አነበበና ቆይቶ «ይሄ ሠንጠረዥ አያቴ ላይ ተሞልቶ ያውቃል» አለ። ሌላ አልጨመረም። ቡናውን ሳይጠጣ ወጣ።

ጎንደር ላይ ያደገ ሰው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ጠይብ ነው፤ ጠይብ ቡዳ ነው፤ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም። ልጅ ሆኜ ስበላ ከሰው ዓይን ተከልዬ እንድበላ ሲነገረኝ አብሮ ገብቷል። ጨዋታ ልፈጥር ብዕር ሳነሳም ሳልጠራው መጣ፤ ቁጥር ብቻ ጨመርኩበት።

በኋላ ዳታው ሲመለስ ዓለም በዚሁ ጉዳይ ስንት ዓመት ሲነታረክ እንደኖረ አነበብኩ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 በጋሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ሲወጣ፣ ድዋርፍ የሚጫወት ሰው ተዋጊ ከመሆን ውጭ ምርጫ አልነበረውም፤ እሱም ቢሆን ከ6ኛ ደረጃ አያልፍም። ሰው ግን ገደብ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ ለድዋርፍ ጽናት +1 ይሰጥና ሞገስ −1 ያደርግበታል። እዚያ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ማስታወሻ አለች፤ እኔን ያስቀረችኝ እሷ ናት። የሞገሱ ቅናሽ የሚሠራው ድዋርፍ ባልሆኑት ዘንድ ብቻ ነው ትላለች። በወገኖቹ መካከል ድዋርፉ ምንም አልጎደለውም ማለት ነው። ጉድለቱ ያለው በሚያየው ሰው ዓይን ነው፤ የተጻፈው ግን በድዋርፉ ወረቀት ላይ ነው።

ድዋርፍ እንግዲህ የተራራ ሥር ቀጥቃጭ ነው። የጨዋታው ድዋርፍ ብዙ የወሰደው ከቶልኪን ነው፤ ቶልኪን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1955 በጻፈው ደብዳቤ ድዋርፎቹን ሲያስብ እንደ አይሁድ እንደሚያስባቸው፣ በሚኖሩበት አገር ተወላጅም ባዕድም እንደሆኑ ገልጿል። በክፋት አልጻፈውም። እኔ ግን ይህን ሳነብ ያሰብኩት ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለችውን ወለቃን ነው።

ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። «ሙያው በደማቸው ነው» ሲባል ሰምተናል። በደማቸው እንዴት ገባ? ሲነገር የኖረው ታሪክ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከነገሠው ከዐፄ ይስሐቅ ይነሳል፤ የተጠመቀ ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ርስት አይኖረውም ተባለ። ርስት የሌለው የሌላ ሰው መሬት አራሽ ይሆናል፤ ጢሰኝነት ብቻውን አላኖር ሲል እጁን ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ይሰዳል። በጎንደር ዘመን ደግሞ ግንበኛና አናጢ ሆነው በግንቦቹ ሥራ ተሳትፈዋል፤ መሬትና ማዕረግ ያገኙም ነበሩ። በዚያው ዘመን እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሙም ቤተ እስራኤሉም ከክርስቲያኑ ተለይቶ በየሰፈሩ ይኑር ብሎ ወሰነ። ግንቡን የሠራ እጅ ከግንቡ ራቅ ብሎ ይደር ማለት ነው። ነገሥታት ሲዳከሙና ግንብ የሚያሠራ ሲጠፋ ማዕረጉ ቀረ፤ ብረቱና ስሙ ቀሩ።

እንግዲህ +2 የመጣው ከመሬት ማጣት ነው፤ −2 የመጣው ከጎረቤት ነው። ደም የሠራው ነገር አላየሁም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ወረቀቱን ግን ከሰው አእምሮ አልቀደደውም፤ ይኸው እኔ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቼ ገለበጥኩት።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል ሄደ። ወለቃ ላይ ዛሬም መንገድ ዳር ሸክላ ይሸጣል፤ ከሚሸጡትና ከሚሠሩት ብዙዎቹ ግን ሙያውን የተማሩ ሌሎች የአካባቢው ሴቶች ናቸው። «በደም ነው» የተባለው ሙያ በሥልጠና ተያዘ። በወዲያኛው ወገን ጎንደር አካባቢ የተወለዱት ፕኒና ታማኖ-ሻታ የሕግ ባለሙያና ጋዜጠኛ ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የእስራኤል ሚኒስትር ሆነዋል። (ይህን ስል እዚያ ሄደው ከሠንጠረዥ አመለጡ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢትዮጵያውያኑ የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ እንደነበር ታውቆ ሰልፍ የወጡት እዚያው እስራኤል ነው።)

ወደ ጨዋታው ልመለስ። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ተጨማሪ መጽሐፍ ላይ ተጫዋቹ የዘሩን ነጥብ ወደፈለገው ቦታ ማዛወር ይችላል አለ። ኦርክህ ምሁር፣ ድዋርፍህ ተናጋሪ ይሁን። በዚያው ዓመት ለኦርክ ተጽፎ የነበረው የዕውቀት −2 ተሰረዘ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው አዲስ እትም ደግሞ «ዘር» የሚለው ቃል ራሱ ወጥቶ «ዝርያ» ገባ፤ ነጥቡም ከትውልድ ተነስቶ ወደ ገጸ ባሕርይው የኋላ ታሪክ፣ ወደ አስተዳደጉና ወደ ሙያው ተዛወረ። በእንግሊዝኛ የቃል ለውጡ ትልቅ ነገር ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ዘርና ዝርያ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ ብዙ አልቀየረልንም።

የነጥቡ መዛወር ግን መጀመሪያ አስደሰተኝ። ወለቃን የሚያስረዳው ይሄ ነው አልኩ፤ ደም ሳይሆን ኑሮ። ከዚያ ዝርዝሩን አየሁት። እጅ ጥበበኛ ሆኖ ያደገ ከጉልበት፣ ከቅልጥፍናና ከዕውቀት ላይ ይጨምራል። ጥሩ። ባላባት ሆኖ ያደገ ከጉልበት፣ ከዕውቀትና ከሞገስ ላይ። ገበሬ ሆኖ ያደገ ከጉልበት፣ ከጽናትና ከማስተዋል ላይ። ለገበሬ ዕውቀት የለም። ሞገስም የለም። አባቴ ዳባት ላይ ገበሬ ናቸው፤ እኔ ዲግሪ ይዣለሁ፣ የምኖረውም በጽሑፍ ነው። ይህን ሠንጠረዥ ያወጡት ሰዎች ዳባትን አያውቋትም፤ የድሮ ባላባት ቢያወጣው ግን ብዙም አይለወጥም ነበር። ተራኪው የራሱን አስተዳደግ መፍጠር እንደሚችል በሌላኛው መጽሐፍ ተጽፏል፤ አብዛኛው ተጫዋች የሚከፍተው ግን የመጀመሪያውን ነው።

ለእኛ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ሙያ የሚመረጥበት አገር ላይ ነጥብን ከዘር ወደ ሙያ ማዛወር ነፃ ማውጣት ነው። እኛ ዘንድ ግን ቀጥቃጭነት፣ ሸማኔነት፣ ፋቂነት ራሱ በውርስ የሚታሰር ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ ብረት ነክቶ ባያውቅ እንኳ ለጋብቻ ሰባት ትውልድ ሲቆጠር ይገኛል። ከወዳጄ አያት በኋላ በቤታቸው ብረት የቀጠቀጠ የለም፤ እሱ ራሱ የሒሳብ ሰነድ ነው የሚሠራው። ሠንጠረዡ ግን እስካሁን ይከተለዋል። በሽምግልና ጊዜ የሆነውን እሱ ካልነገራችሁ እኔ አልነግራችሁም።

ቋሚ ነጥብ ይሻላል የሚሉትን ሞኞች ናቸው ብዬ አላልፋቸውም። ከእኛ አንዱ እስከ ዛሬ አልተቀየረም። «ድዋርፍ ሰው አይደለም፤ ድመትና ውሻ እኩል ይዝለሉ አይባልም። ሁሉም እንደፈለገ ከሆነ ጆሮው የሾለ ሰው ብቻ ነው የምንጫወተው» ይላል። ግማሹን እቀበለዋለሁ። በጨለማ የሚያይ፣ ክንፍ ያለው፣ እንደ ቤት የገዘፈ ፍጥረት ይኑር፣ ጨዋታውን የሚያጣፍጠው እሱ ነው። ዕውቀት፣ ሞገስ፣ ማስተዋል ላይ ስንደርስ ግን ስለ ድመት አይደለም የምናወራው። ኦርክ ያዩ ሰዎች አይደሉም ኦርክ ደነዝ ነው ብለው የጻፉት። ከዚህ በፊት ስለ ሰው ሲባል የሰሙትን ነው ለኦርክ ያዋሱት። እኔም ያዋስኩት የጎንደርን ነው።

ይኸው ጓደኛችን ሌላ ማስረጃ አመጣ፦ ሯጮቻችን። ደገኛ በተፈጥሮው ይሮጣል፣ ጽናት +2 ልክ ነው አለ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ጀምሮ ፈረንጅም እኛም ይህን እንላለን። ታዲያ ደባርቅ ከፍታዋ ከበቆጂ ጋር የሚቀራረብ ነው፣ ከ2,800 ሜትር ወዲያ ወዲህ። ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከበቆጂና ከዙሪያዋ ሲወጡ፣ ሰሜን ጎንደር ያን ያህል ስም አላፈራም። ብርዱ አንድ ነው፣ ገብሱ አንድ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግር ነው። በቆጂ ግን አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ፤ ልጆቹን ጎህ ሳይቀድ እየሰበሰቡ ዓመታት ያሠለጠኑ። ከፍታው አይረዳም አልልም። «በደማቸው ነው» ስንል ግን የአሠልጣኙን ድካም እንሰርዛለን፣ ደባርቅንም ሜዳና አሠልጣኝ ስጧት የሚል ሰው እናሳጣታለን።

ወዳጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። እስከዚያ ሠንጠረዡን ቀድጄ ነበር። አሁን የምንጫወተው እንዲህ ነው፤ ሕዝቡ የሚሰጥህ ስለ አካልህና ስለ አገርህ ብቻ ነው፤ ቆለኛው ሙቀት ይችላል፣ ደገኛው ገደል ላይ አይደነግጥም። ስድስቱን ነጥቦች ተጫዋቹ ራሱ ያከፋፍላል፣ ከየት እንዳገኛቸውም በሁለት ሦስት አረፍተ ነገር ለጠረጴዛው ይናገራል፤ ማን አስተማረህ፣ ምን አጥተህ ተማርከው። አንዳንዴ ከጨዋታው ይልቅ ይሄኛው ይረዝምብናል።

ወዳጄ ቀጥቃጭ ነው የሚጫወተው፣ ማንም ሳያስገድደው። ሞገሱን 16 አደረገው። የጅቡን ሕግ አውጥቼ ጥዬው ነበር፤ «መልሰው» አለኝ። «ግን ማን እንደሚሆን ኩባያው ይወስን።» ባለፈው ቅዳሜ ወረቀቱ የወጣው የንጉሡን ዘበኛ ለሚጫወተው፣ ለዚያው ለድመትና ውሻ ሰውዬ ነው። «እኔ ምን አድርጌ!» ብሎ ሲጮህ ወዳጄ ስኒውን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ።