የዴስክቶፕ ውበትና የጥናት ተሳታፊዎች አደራ

ላፕቶፑን ይዞ ደብረ ማርቆስ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የገባ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ይታሰብ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ከስክሪኑ ታችኛ ቀኝ ማዕዘን ላይ ዊንዶውስ አክቲቬት እንዲደረግ የሚያሳስበው ጽሑፍ እንዲጠፋለት፣ የዴስክቶፑ ምስልና ቀለምም እንደ ምርጫው እንዲሆንለት ይፈልጋል። አክቲቬት ባልተደረገ ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ገጽታ የሚለወጥበት የቅንብር ገጽ ተቆልፎ ስለሚቆይ ጥያቄው ምክንያት አለው። ባለሙያው ፍላሹን ይሰካል፤ በፍላሹ ያለው አክቲቬት ማድረጊያ ፕሮግራም ግን ዊንዶውስ ዲፌንደር እስካልተዘጋ ድረስ አይሠራም። ስለዚህ ዲፌንደር ይዘጋል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ጽሑፉ ተወግዶ፣ የጮቄ ተራራ ፎቶ ዴስክቶፑን ሞልቶ፣ ተማሪው ደስ ብሎት ይወጣል። በዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ከጎዛምን፣ ከማቻከልና ከስናን ወረዳዎች የተሰበሰቡ ቃለ መጠይቆች፣ የሰዎች ስሞችና የተቀዱ ድምፆች አሉ።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ዴስክቶፑ የተማሪው ነው፤ እንደ ወደደ ሊያስጌጠው መብት አለው። የጥናቱ መረጃ ግን የሌሎች ሰዎች አደራ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተርን እንደ ፍላጎት የማስተካከል ነጻነት፣ ከማሽኑ ጋር የመጣውን የደኅንነት ጥበቃ ማጥፋት ግድ ከሚሆንበት ቦታ ላይ ሊቆም ይገባዋል።

ይህ ማለት ግን ማሽንን ለራስ ማመቻቸት ከንቱ ቅንጦት ነው ማለት አይደለም። አማርኛ ራሱ ወደ ኮምፒውተር የገባው በዚህ መንገድ ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የ3.0 ዕትም ሲሆን፣ ዊንዶውስም ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ አስቀድሞ በቋንቋው ለመጻፍ የፈለገ ሰው በላቲን ፊደላት ቦታ የግእዝን ቅርጾች የሚተኩ ፕሮግራሞችን መጫን ነበረበት። «አምራቹ ከሰጠው ውጪ ምንም አትንኩ» የሚለው ምክር ስለዚህ ለአማርኛ ተጠቃሚ የራሱን ታሪክ የሚያስረሳ ምክር ነው።

ሆኖም ያው ታሪክ ሌላም ትምህርት ይዟል። የግእዝ መጻፊያ ፕሮግራም ሥራውን ለመሥራት በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የሚነካውን እያንዳንዱን ቁልፍ ማየት አለበት። የይለፍ ቃል ሰራቂ ፕሮግራምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ማን እንደሠራቸውና ያዩትን ወዴት እንደሚወስዱት ነው። ከሠሪው በቀጥታ የተገኘ የመጻፊያ ፕሮግራምና ጥበቃው ተዘግቶ ከማይታወቅ ፍላሽ የተገለበጠ ፕሮግራም እንግዲህ ስማቸው አንድ ቢሆንም እኩል ሊታመኑ አይችሉም።

ዋናው ጥያቄ ለውጡ በየትኛው የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ክፍል ላይ ይደረጋል የሚለው ነው። የዴስክቶፕ ምስል፣ ቀለምና የፊደል መጠን በተጠቃሚው የግል ቅንብር ውስጥ ያሉ ናቸው፤ እነርሱን መለወጥ ምንም ዓይነት ጥበቃ ማጥፋትን አይጠይቅም። በሊኑክስ ላይ የሚሠሩት ኬዲኢ ፕላዝማና ኤክስኤፍሲኢ ገጽታን የሚወስኑ ፋይሎችን በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ስለሚፈቅዱ፣ ዴስክቶፑን ያለ አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በእጅጉ መለወጥ ይቻላል። በአንጻሩ የአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጣው ኤል ካፒታን ጀምሮ የሲስተሙን ዋና ፋይሎች አስተዳዳሪው እንኳ እንዳይነካቸው አጥሯቸዋል፤ የእነዚህን ፋይሎች መልክ መቀየር የፈለገ ሰው አስቀድሞ አጥሩን ማፍረስ ይኖርበታል። ዊንዶውስም የማይክሮሶፍት ዲጂታል ፊርማ የሌለውን ገጽታ አይቀበልም፤ እንዲቀበል ለማድረግ የሲስተሙን ፋይል መቀየር ያስፈልጋል። እነዚህ ክልከላዎች የተጠቃሚውን ምርጫ ከመናቅ የመጡ አይደሉም። አስጌጭ ፕሮግራም ሊጽፍበት የሚችል ቦታ ላይ አጥፊ ፕሮግራምም ሊጽፍበት ስለሚችል እንጂ።

አክቲቬት ማድረጊያው ፕሮግራም የሚጠይቀው ከዚህም ይበልጣል። የፈቃድ ማረጋገጫ ሰርቨር መስሎ ስለሚሠራ የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይፈልጋል። ዲፌንደር እንዲህ ያሉትን ፕሮግራሞች አውቶኬኤምኤስ በሚል ስም መዝግቦ ያግዳቸዋል። ድርጊቱን የሚደግፉ ሰዎች ማስጠንቀቂያው ማይክሮሶፍት ገበያውን ለመጠበቅ የሚያሰማው ነው ይላሉ። አነጋገሩ ከፊል እውነት አለው፤ ፕሮግራሙ በራሱ ሌላ ጉዳት የማያስከትልበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። ችግሩ ማስጠንቀቂያውን ሐሰት ነው ብሎ መናቅን የለመደ ሰው፣ እውነተኛው በመጣ ጊዜ የሚለይበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሬድ ካናሪ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ኬኤምኤስፒኮ በተባለው የታወቀ አክቲቬት ማድረጊያ ስም የሚሠራጭ፣ ክሪፕትቦት የተሰኘ ማልዌር የያዘ መጫኛ ማግኘቱን አሳውቋል። ክሪፕትቦት በብራውዘር የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን ይሰርቃል። እንዲህ ባለው ጥቃት በሩን ለሌባው የሚከፍተው ባለቤቱ ራሱ ነው።

በተቃራኒው ከሚቀርቡት መከራከሪያዎች የሚበረታው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የፈቃድ ዋጋ በዶላር ይተመናል፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ለተማሪ ኪስ ይበልጥ ርቋል። ይህን የካደ ምክር ሰሚ አያገኝም። ነገር ግን አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ ላይም ዲፌንደር ሥራውን ይሠራል። በማዕዘን ላይ ያለው ጽሑፍ ዓይንን ቢያስቸግር እንጂ መረጃን አያጠፋም። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ጥበቃው ተዘግቶ ካማረ ዴስክቶፕ ይልቅ ጥበቃው እየሠራ የሚያሳፍር ጽሑፍ ያለበት ዴስክቶፕ ይሻለዋል። የፈቃዱን ጥያቄ ከመሠረቱ ለመፍታት ደግሞ ሊኑክስ፣ ሊብረኦፊስና አር ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ሁለተኛው መከራከሪያ ዲፌንደር አሮጌ ላፕቶፕን ያዘገያል የሚለው ነው። መፍትሔው ፍተሻውን ማሽኑ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት እንዲሆን ማድረግ ነው። ለሰዓታት መዘግየት ተብሎ ጥበቃን ለዘለቄታው መዝጋት ሚዛኑን የሳተ ነው።

በጎጃም የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሌላም እውነተኛ ችግር አለባቸው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ኢንተርኔት በሌለበት ዲፌንደር የቫይረስ ዝርዝሩን ማደስ አይችልም፤ ፋይሎችም ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይተላለፋሉ። ከዚህ ተነሥቶ «ያረጀ ጥበቃ ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ ፍላሽ በበዛበት ቦታ ጥበቃ ይበልጥ ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ማደሻ ለብቻው እንደ ፋይል ስለሚያቀርበው፣ ኢንተርኔት ባለው አንድ የቢሮ ኮምፒውተር አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ለሌሎች ማዳረስ ይቻላል። ይህ በየሳምንቱ በአንድ ሠራተኛ ሊከናወን የሚችል ሥራ ነው።

ጉዳዩ የግል ጥንቃቄ ብቻ ሆኖም አይቀርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ተገቢውን የቴክኒክ ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ከአዋጁ በፊትም ተመራማሪው በስምምነት ቅጹ ላይ «የሚሰጡት መረጃ በምስጢር ይያዛል» ብሎ ፈርሟል። ያ ቃል የተሰጠው ለጤና ጣቢያ ታካሚ፣ በመሬት ክርክር ውስጥ ላለ ገበሬ፣ ወይም በቤቷ የደረሰባትን በደል ለተናገረች ሴት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰዎች ዲፌንደር እንዲዘጋ አልተጠየቁም፤ ቢጠየቁም ለዴስክቶፕ ምስል ሲባል ይፈቅዱ ነበር ብሎ መገመት ያዳግታል።

ስለዚህ ኃላፊነቱ በተማሪው ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም። ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸው ሕጋዊ ሶፍትዌር ወይም በሊኑክስ የተዘጋጀ አማራጭ ቢያቀርቡ፣ ወደ ጥገና ቤት የሚያስኬደው ምክንያት በአብዛኛው ይቀንሳል። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች የወረቀት መጠይቁ የት እንደሚቆለፍ በሚጠይቁበት ቅጽ ላይ የኮምፒውተሩ ጥበቃ መሥራቱን የሚያረጋግጥ አንድ መስመር ቢጨምሩ ወጪ የለውም። አማካሪዎችም መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት የተማሪውን ላፕቶፕ ሁኔታ ቢጠይቁ ከጥናቱ ዘዴ ውጪ የሆነ ነገር አልጠየቁም። ለተማሪው ደግሞ አንድ ቀላል መመዘኛ ይበቃዋል፤ ማንኛውም ማስዋቢያ ከመሥራቱ በፊት ጥበቃውን እንዲያጠፋ ከጠየቀው፣ መረጃው በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ እስካለ ድረስ ማስዋቢያውን ይተወው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እንዲሉ፣ የጮቄ ፎቶ ያለ ምንም ክራክ በሕጋዊ መንገድ እስኪሰቀል ሊጠብቅ ይችላል፤ አንድ ጊዜ የወጣ ምስጢር ግን አይመለስም።