ጉርሻ የያዘ አፍ

የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለአፍሪካ ኅብረት እንግዶች መንገዷን ዘጋግታ ነበር። እኛም እንደ ልማዳችን ቆመን አጀቡ እስኪያልፍ እንጠብቃለን። መሪዎቹ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ሳሉ፣ በምሥራቅ ኮንጎ የኤም 23 ታጣቂዎች ቡካቩን እየያዙ ነበር። ሌላዋ የምሥራቅ ኮንጎ ከተማ ጎማ ከወደቀች ገና ሦስት ሳምንት አልሞላትም።

ከታጣቂዎቹ ጀርባ በሺዎች የሚቆጠሩ የሩዋንዳ ወታደሮች እንዳሉ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች አስቀድመው ጽፈዋል። ኪጋሊ ታስተባብላለች፤ በአገሬ የዘር ጭፍጨፋውን የፈጸሙት ሰዎች ርዝራዥ ኮንጎ ውስጥ መሽጎብኛል ትላለች። ሥጋቷ ከንቱ አይደለም። የጎረቤትን ከተማ ለመያዝ ግን ፈቃድ አይሆንም።

የኔ ትዝብት በሩዋንዳ ወዳጆች ላይ ነው። በ2005 ዓ.ም. ኤም 23 ጎማን ሲይዝ እንግሊዝን የመሳሰሉ ለጋሾች እርዳታቸውን ያዙ፤ ኦባማም ለሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ካጋሜ ስልክ ደወሉ። ዓመት ሳይሞላ ኤም 23 ተሸነፈ። ታንዛኒያ፣ ደቡብ አፍሪካና ማላዊ ያዋጡት ብርጌድ ድርሻው ትልቅ ነበር፤ ኤም 23 ደራሽ ማጣቱም ያንኑ ያህል ጎድቶታል ባይ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በሐምሌ 2013 ሩዋንዳ ወታደሮቿን ወደ ሞዛምቢክ ላከች፤ የፈረንሳዩ ቶታል ኢነርጂስ ጋዝ ወደሚያለማበት ወደ ካቦ ዴልጋዶ። የአውሮፓ ኅብረት ለዚሁ ኃይል በሁለት ዙር 40 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። በመካከሉም፣ በየካቲት 2016፣ ከኪጋሊ ጋር የማዕድን ስምምነት ተፈራረመ። ሁለተኛው 20 ሚሊዮን የጸደቀው ጎማ ልትወድቅ ሁለት ወር ያህል ሲቀራት ነው።

ጉርሻ የያዘ አፍ እንዴት ይቆጣል? ቢቆጣስ ማን ይሰማዋል? ኅብረቱ በሩዋንዳ የጦር አዛዦችና በአንድ የወርቅ ማጣሪያ ላይ ማዕቀብ የጣለው መጋቢት 8 ቀን ነው፤ ቡካቩ ከተያዘች ከወር በኋላ። ሩዋንዳም በዚያው ዕለት ከኅብረቱ አባል ከቤልጅየም ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠች። ካጋሜ ወዳጆቻቸው ምን እንደሚፈልጉባቸው ያውቃሉ፤ ቁጣው ምን ያህል እንደሚዘልቅም እንዲሁ።

ወዳጅን መገሠጽ ጠላትነት አይደለም። ግን ተግሣጹ ከውለታው መቅደም አለበት። ወታደርህን ሞዛምቢክ ላይ ስደግፍ ኮንጎ ላይ ዝም አልልህም የሚለው ቃል፣ ገንዘቡ ከመፈቀዱ በፊት ቢነገር ዋጋ ነበረው።

ጉባኤው አለቀ፤ እንግዶቹ ሄዱ፤ የኛም መንገድ ተከፈተ። የጎማ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከወራት በኋላም ዝግ ነበር።