ለተማሪዬ የሰጠሁት ክኒን

ወዳጆቼ፣ በተለይ ተማሪዎቼ የነበራችሁ፤ ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ጽፌ እንዳጠፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ልጄን እያስመለሳት ነው፤ እማዬ ጋ የተረፈ የማስመለስ ክኒን አለ፣ ልስጣት ወይ?» ስትለኝ ቀልቤ ተገፈፈ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ2007 ዓ.ም. ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዘን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ለትምህርታዊ ጉዞ ወጣን። ጎሐ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ያለውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የ17 ዓመት ልጅ፣ መኪና አይስማማውም። ገና ሳንነሳ «ቲቸር፣ እኔ ያስመልሰኛል» ብሎ ነግሮኝ ነበር። እኔ ደግሞ መፍትሔ አዋቂ ነኝ አይደል! ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ እናቴን ስቅታ ይዟት ለቀናት አልለቅ ብሎ ሐኪም ክሎርፕሮማዚን የሚባል ክኒን አዞላት ነበር። ስቅታው ሲተዋት ክኒኑ ተረፈ። ሐኪሙ ያኔ «ለማስመለስም ይሰጣል» ሲል ሰምቻለሁ። በቃ፣ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዤ ሐኪም ሆንኩ። ዲፕሎማዬ ግን በጂኦግራፊ ነው።

ጠዋት አንድ፣ ቀን አንድ፣ ማታ አንድ ሰጠሁት። ልጁ መንገዱን ሙሉ ተኛ። እኔም «ሠራለት» ብዬ ደስ አለኝ። በረሃው ላይ ግን ከእንቅልፉ ነቅቶ አስመለሰው። ደጀን ላይ ለሻይ ስንቆም ደግሞ ብድግ ሲል ዓይኑ ጨልሞበት የመኪናውን በር ተደግፎ ቀረ። «ምግብ ስላልበላ ነው» አልኩ።

በማግስቱ ጣና ዳር ተቀምጠን ሳለ አንገቱ ወደ ቀኝ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎን ሳቅን። አንገቱ እየጠበቀ ሄደ፣ አልመለስ አለ። ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፤ መንጋጋው ተቆለፈ፤ ምላሱ አልታዘዝ አለው። ሙሉ በሙሉ ራሱን ያውቃል፤ እንባው ይወርዳል፤ መናገር ግን አይችልም። በአንድ አፍታ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ቡዳ ነው» አለ። ሌላው «ከውሃው ነው የያዘው» አለ። አንዲት ሴት ክብሪት ጭራ አፍንጫው ሥር አደረገችለት። ሾፌራችን ጠበል እንውሰደው አለ። እኔ በመሃል ቆሜ ኪሴ ውስጥ ያለውን የክኒን ማሸጊያ እየዳበስኩ ዝም አልኩ።

ባጃጅ ይዘን ጤና ተቋም ስንደርስ ሲስተሯ መጀመሪያ የጠየቀችው «ምን መድኃኒት ወስዷል?» ብላ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ወዲያው አልመለስኩም። «እንጃ» አልኩ። ሥራዬን፣ የልጁን አባት፣ ርእሰ መምህሩን አሰብኩ። ደግማ ስትጠይቀኝ ነው ማሸጊያውን አውጥቼ የሰጠኋት። አየችውና አልተቆጣችም፤ ሐኪሙን ጠራች፣ ማርከሻ መርፌ ተወጋ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቱ ተመለሰ። «ቲቸር» አለኝ። ነገሩ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል እዚያው እንዲቆይ ተደረገ፤ ለቀጣዮቹ ቀናት የሚውጠውም ተሰጠው።

ያቺ የዝምታ ደቂቃ እስከዛሬ ትቆጨኛለች። ተደብቃ ብትቀር ኖሮ በሐኪሞቹ ፊት ያለው ልጅ መንጋጋ ቆላፊም፣ የማጅራት ገትርም፣ የሚጥል በሽታም ያለበት ሊመስል ይችል ነበር። ወይም እንደ ሾፌራችን ሐሳብ ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ተቆልፎ ይውል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን የጤና ባለሙያ ሁሉ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ክሎርፕሮማዚን (ላርጋክቲል የሚሉትም አሉ) እ.ኤ.አ. በ1950 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ መድኃኒት ነው። በ1952 ዤን ደሌና ፒየር ደኒኬር የተባሉ ሐኪሞች ፓሪስ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን ሰጥተውት ብዙ ሰው ከታሰረበት የተፈታበትን በር ከፈቱ። ሥራው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን መልእክተኛ ማገድ ነው። ችግሩ ዶፓሚን ሥራው አንድ አይደለም፦ ማስመለስን በሚያዘው ክፍልም አለ፣ በሐሳብም አለ፣ ጡንቻ በሚያንቀሳቅሰውም አለ። አንድ አምፖል ለማጥፋት ብላችሁ የቤቱን ቆጣሪ ብታወርዱት እንደማለት ነው። የልጁ አንገት የተቆለፈው ለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለው መቆላለፍ ደግሞ ከሽማግሌ ይልቅ ወጣት ላይ ይበረታል፣ በተወሰደ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመጣል። የባሰ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመኪና ማስመለስ የሚነሳው ከውስጠኛው ጆሮ ስለሆነ ይሄ መድኃኒት ለሱ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። በከንቱ ነው ያሠቃየሁት።

«የኛ ቤት ያለው እሱ አይደለም፣ ፕላሲል ነው» የምትሉ አላችሁ። ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አይደለም፤ የሚያግደው ግን ያንኑ ዶፓሚን ነው። እሱም አንገት ያዞራል። የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ5 ቀን በላይ እንዳይሰጥ፣ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ጭራሽ እንዳይሰጥ የወሰነው ለዛዛታ አይደለም። እኛ ግን እንደ ከረሜላ በስትሪፕ ገዝተን መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጣለን። ደግሞስ ማስመለስ በራሱ በሽታ ነው እንዴ? ትርፍ አንጀት ያስመልሳል፣ ወባ ያስመልሳል፣ ጭንቅላት መመታት ያስመልሳል። ክኒኑ ምልክቱን ሸፍኖ በሽታውን ውስጥ ሊተወው ይችላል። ለሚያስመልሰውና ለሚያስቀምጠው ሕፃን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው፣ በጥቂት በጥቂቱ።

አውቃለሁ፣ ጤና ጣቢያ ሩቅ ነው፣ ወረፋው ያስመርራል፣ የካርድ ገንዘብም ሁሉም የለውም። ግን ያለ ማዘዣ የሚሸጠውም፣ ከቤቱ የሚያድለውም ሰው (እኔን ጨምሮ) የሚጠይቀው ጥያቄ የለም። ሐኪም ይጠይቃል፦ ልብ አለብህ ወይ? የሚጥል በሽታስ? ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ? ሌላ ምን ትወስዳለህ? እኔ ልጁን ከነዚህ አንዱንም አልጠየቅኩትም።

አሁን ወደ ሌላው ልምጣ። አባቱ ነገሩን ሲሰሙ ትምህርት ቤት መጡና «መምህር፣ ልጄን የእብድ መድኃኒት ነው ያበላኸው?» አሉኝ። መቆጣታቸው ትክክል ነው። የተቆጡበት ቃል ግን ትክክል አልነበረም። ያቺ ቃል ስንቱን ሰው እንደጎዳች አንድ የቅርብ ዘመዴ ምስክር ነው። ይሄንኑ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይወስዳል፤ እንጨት ሥራ ላይ ነው፣ ልጆች ያሳድጋል። ክኒኑን ግን ባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ ደብቆ ነው የሚውጠው። አንድ ጊዜ «የእብድ መድኃኒት» ብለው ሲያሾፉበት በአንድ ቀን አቋረጠው። እንቅልፍ አጣ፣ ወራት ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰበት። ይሄ መድኃኒት በራስ ፈቃድ እንደማይጀመር ሁሉ በራስ ፈቃድ አይቆምም፤ ሐኪሙ ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው።

ጠበል የሚሄድም ክኒኑን ቤት ጥሎ አይሂድ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ከጠበሉ ጋር አብሮ ይወሰዳል ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፤ ይሄኛው በምን ይለያል?

ዘመዴ የተማረውን ላካፍላችሁ፦ ከአልጋ ሲነሳ መጀመሪያ ቁጭ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል፤ ፀሐይ ቶሎ ቆዳውን ስለምታቃጥለው ኮፍያ አይለየውም። አረቄና ጠላ ትቷል፣ እንቅልፉን ስለሚያከብዱት። ጫት ደግሞ የመድኃኒቱን ሥራ ወደ ኋላ ይጎትታል። መውሰድ በጀመረ ሰሞን መኪና እንዳይነዳ ተነግሮታል፤ ሚስቱም ትኩሳት ከሰውነት መድረቅና ከመቀባዠር ጋር ከመጣበት ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል እንደምታደርሰው ታውቃለች፣ ያ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ አፍና ምላስ ያለ ፈቃድ መንቀሳቀስ ሊጀምሩ፣ ከዚያም ላይተዉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቀጠሮ አያሳልፍም።

ዘንድሮም የጉዞ አስተባባሪ እኔው ነኝ። ለወላጆች ወረቀት በትኛለሁ፦ ልጅዎ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ይጻፉልን፣ መኪና የማይስማማው ካለ ቀድመው ሐኪም ያማክሩ የሚል። ሻንጣዬ ውስጥ ፌስታል፣ ውሃና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንጂ ክኒን የለም። የፊት ወንበሮች መኪና ለማይስማማቸው ተይዘዋል፣ ሌላው ቢለምነኝም አልለቅም።

ልጁ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። ይሄን ከመለጠፌ በፊት ልኬለት አንብቦ ፈቅዶልኛል። ያረመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ አንገቱ ወደ ግራ ነበር የዞረው ብዬ ጽፌ ነበር። «ወደ ቀኝ ነው ቲቸር፣ ጣናን እያየሁ ነበር» አለኝ። አስተካክያለሁ።