ባሌስትራ ተጨመረ፤ ፍሬኑስ?

በገበያ ቀን ወልቂጤ መናኸሪያ አካባቢ ቆም ብሎ ላስተዋለ ሰው በነፃ የሚታይ ትርዒት አለ። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ መጥታ ትቆማለች። ጅራቷ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ አፍንጫዋ ወደ መሬት ተደፍቶ ስትታይ ልትሰግድ የተዘጋጀች ትመስላለች። ስፖንዳዋ ላይ ብረት ተበይዶ ከፍ ብሏል። ውስጧ ግራና ቀኝ አግዳሚ ተገጥሟል፤ ከላይ ሸራ ተወጥሯል። ረዳቱ «እንድብር! እንድብር! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። «አንድ ሰው የቀረው» ከተባለ በኋላ ሰባት ሰው ይገባል። ከሰባቱ ሰው በኋላ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ ሁለት ጆንያ ድንችና እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ይከተላሉ።

ባለፈው ጊዜ እኔም ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ነበርኩና ሾፌሩን «ይቺን መኪና ምን ምን አስደረግካት?» ብዬ ጠየቅኩት። ደስ አለው። «አራት ባሌስትራ አስጨመርኩ፣ ጎማውን በትልቅ ቀየርኩ፣ አካሉን አስበየድኩ፤ አሁን አይሱዙ በላት!» አለኝ።

«ፍሬኑንስ?»

«ፍሬኑ ምን ሆነ? ይይዛል እኮ!»

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ስለ «ይይዛል እኮ» ነው። አገራችን ውስጥ መኪናን የመለወጥ ጥበብ ሞልቷል። አዲስ አበባ «ውይይት» ብላ የሰየመቻቸው ታክሲዎች ከፋብሪካ ሲወጡ ፒክአፕ ነበሩ፤ ከኋላ ጣራና ትይዩ አግዳሚ ተሠራላቸውና ሕዝቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲወያይባቸው ኖረ። የጭነት አይሱዙ አካል ተቀጥቅጦለት «ቅጥቅጥ» ተባለና ሕዝብ ማመላለሻ ሆነ። የታይላንድ ሰዎችም ፒክአፕ ላይ ሁለት አግዳሚ አስገጥመው፣ በቋንቋቸው «ሁለት ረድፍ» ብለው ይሳፈሩበታል። መለወጡ ነውር የለበትም። ነውሩ ለመጫን የሚያስፈልገውን ሁሉ ጨምረን፣ ለማቆም የሚያስፈልገውን እንደነበረ መተዋችን ነው። የበቅሎዋን ጭነት እጥፍ አድርጎ ልጓሟን ያልፈተሸ ባላገር የለም። እኛ ግን መኪና ላይ ስንደርስ ምን ነካን?

ቡታጅራ ውስጥ ዕድሜያቸውን መኪና ሥር ተኝተው የጨረሱ አንድ መካኒክ አውቃለሁ። የወልቂጤዋን ፒክአፕ ነገር ሳጫውታቸው አልሳቁም። እንዲህ ዓይነት ጅራቷ የተሰቀለ መኪና ጋራዣቸው ቆማ ነበርና እጄን ይዘው ሥሯ አስገቡኝ። ከኋላው አክሰል ጋር በቀጭን ዘንግ የተያያዘች፣ ጭቃ የጋገረባት ትንሽ ቫልቭ አሳዩኝ።

«ይቺን የሚያውቃት የለም፤ ሁሉም ረስቷታል» አሉኝ።

«ምንድን ናት ጋሼ?»

«ሚዛን ናት ልጄ። መኪናው ጭነት ሲይዝ ጅራቱ ዝቅ ይላል፤ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፤ ቫልቩ ‹ጭነት አለ› ብሎ ለኋላው ፍሬን ብዙ ዘይት ይለቃል። ባዶውን ሲሆን ጅራቱ ከፍ ይላል፤ የኋላው ጎማ ተቆልፎ እንዳያንሸራትት የዘይቱን ግፊት ይቀንሳል። እንግዲህ አንተ አራት ባሌስትራ ስትጨምርበት ምን ይሆናል? ሃያ ሰው ጭነህም ጅራቱ አይወርድም። ቫልቩ ባዶ ነኝ ብሎ ቁጭ ይላል!»

ሃይሉክስን በመሳሰሉ ብዙ ፒክአፖች ላይ ፋብሪካው ይቺን ቫልቭ የገጠመው በከንቱ አይደለም። ሃያ ሰው ተሸክማ «ባዶ ነኝ» የምትል መኪና አስቡ! የሕዝብ ሸክም ትከሻቸው ላይ ተቀምጦ ምንም እንዳልተሸከሙ የሚራመዱ አንዳንድ ሹማምንቶቻችንን አስታወሰችኝ። ልዩነቱ መኪናዋ የምትዋሸው ተገዳ መሆኑ ነው። የኋላው ፍሬን ሲለግም የማቆሙ ሥራ በሙሉ በፊተኞቹ ጎማዎች ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ ትልቁ ጎማ አለ። ጎማ በተለቀ ቁጥር እሱን ለማቆም ፍሬኑ የሚያወጣው ጉልበት ይጨምራል። ስለዚህ ያ ሾፌር በኩራት የቆጠረልኝ «ማሻሻያ» ሁሉ ፍሬኑን የሚያዳክም ነበር።

አሁን ይቺን መኪና ከወልቂጤ አስነስተን ወደ ጅማ አቅጣጫ እንንዳት። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጊቤ ድልድይ ያለው 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቁልቁለቱ 800 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ከነጭነቷ 3 ቶን የምትመዝን መኪና ይህን ያህል ስትወርድ ፍጥነቷን በፍሬን ብቻ እየያዘች ከሆነ፣ ፍሬኑ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት 70 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ሦስት ተኩል ጀሪካን ውሃ! ያ ሁሉ እሳት የሚያርፈው በሁለት ዲስክና በሁለት ታምቡር ላይ ነው።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ከሸራው ይሸሻል። ሸራው ራሱ ሲቃጠል ይለሰልስና መያዝ ይተዋል። ያቺ ተሳፋሪ ሁሉ የሚያውቃት የተቃጠለ ጎማ የምትመስል ሽታ የመጣችው ከዚያ ነው። ሦስተኛው ጠላት የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። «ዶት 3» የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ከ140 ዲግሪ ጀምሮ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ሾፌሩ ይረግጣል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን ይሄዳል። ቆሞ ሲሞከር አንደኛ ሆኖ «ይይዛል እኮ» የተባለው ፍሬን ይህ ነው!

ስንቱ ሾፌር ነው ዘይቱን የሚያስቀይር? ሲጎድል መጨመር እንጂ አሮጌውን አፍስሶ አዲስ መሙላት የሚባል ነገር በብዙ ጋራዥ የተለመደ አይደለም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ፒክአፖቹ ከመንገድ ይውጡ ልትል ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። አውቶቡስ በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛትን እናት ወደ ቡታጅራ የሚያደርሳት ማነው? የገበሬውን ድንች ሳይበሰብስ ገበያ የሚያወጣው ማነው? ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚጎርፈውን ልጅ ከአስፋልት ዳር ተቀብሎ እናቱ ደጅ የሚያደርሰው ማነው? ይህቺው የተሰቀለች ፒክአፕ ናት። ባለንብረቱም ቢሆን ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ኤክሳይዝ ታክስ በ2012 ተጣለ። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው ሰማይ ነካ። ስለዚህ ያለችውን አሮጌ መኪና አስታሞ መንዳት የድሃ ባለንብረት ዕጣ ሆኗል። ይህን የማያይ ሰው ፍርድ አይስጥ።

ነገር ግን ድህነት ለባሌስትራና ለትልቅ ጎማ ገንዘብ ካላሳጣ፣ ለፍሬን ብቻ እንዴት አሳጣ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ባሌስትራ ገንዘብ ያመጣል፤ ፍሬን ገንዘብ ይወስዳል። ነገሩ ይኸው ነው።

መካኒኩን «ለፍሬኗ ምን ቢደረግላት ይሻላል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ከርካሹ ጀምረው ቆጠሩልኝ። አንደኛ፣ ዘይቱ ተፈስሶ በአዲስ ይሞላ፤ የተሰነጣጠቀ የጎማ ቱቦና ያረጀ ጎሚኒ ይቀየር። ሁለተኛ፣ ባሌስትራ የተጨመረ እንደሆነ የዚያች ቫልቭ ዘንግ በአዲሱ ከፍታ ልክ ይስተካከል፤ ይህ የጉልበት ዋጋ እንጂ የዕቃ ዋጋ የለውም። ሦስተኛ፣ ታምቡር ቶርኖ ቤት ተወስዶ ሲላግ ልክ አለው፤ የመጨረሻው ልክ ታምቡሩ ላይ ተቀርጿል፤ ከዚያ ካለፈ ይጣል። ሸራና ፓድ ሲገዛ ካርቶኑን ብቻ አይቶ ማመን ይቅር፤ አስመስሎ የተሠራ ሞልቷል። አራተኛ፣ አቅም ያለው ሰው ከፍ ያለ ጭነት ከሚይዝ ሞዴል ትልቅ ዲስክ ማስገጠም ይችላል፤ ነገር ግን የፊቱን አጠንክሮ የኋላውንና ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ካላመጣጠነ ገደል አፋፍ ላይ የፊት ጎማዎቹ ቀድመው ተቆልፈው መሪው አልታዘዝ ሊል ይችላል።

በመጨረሻ የነገሩኝ ግን ከሁሉም በለጠብኝ። «ፍሬን አሻሻልክ ማለት የጭነት ፈቃድ አወጣህ ማለት አይደለም። ሻንሲው ያው ሻንሲ ነው። ቁልቁለትን ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረደው። ይህን የድሮ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል» አሉኝ። በእርግጥም የሞተሩ ጉልበት ሲይዝለት ፍሬኑ ያርፋል፤ ሲያስፈልግ ደግሞ ይገኛል።

የሚመለከተው ክፍልስ ምን ይላል? የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ምርመራ ይደረጋል፤ ቦሎም መስታወት ላይ ይለጠፋል። ግን ባለንብረቱ መኪናዋን ለምርመራ የሚያቀርባት ባዶዋን፣ አንዳንዱም አግዳሚውን ፈትቶ ነው። በማግሥቱ አግዳሚው ይመለሳል፤ ሃያ ሰው ይሳፈራል። ቦሎው የሚመሰክረው መንገድ ላይ ስለሌለች መኪና ነው! ትራፊክ ፖሊሱም ቢሆን ሲያስቆም ሰው ይቆጥራል፤ ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሥር ያየ አንድም አላጋጠመኝም።

ከ2015 ወዲህ በአካባቢያችን ብዙ ነገር ተቀይሯል። ክልሉ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተባለ። ቡታጅራም የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። አዲስ ማኅተም ተቀረጸ፣ አዲስ ቢሮ ተከፈተ፣ አዲስ ወንበር ተገዛ። ዘመናዊ ፍሬን በተገጠመላቸው የመንግሥት መኪኖች ጊቤን የሚሻገሩ ባለሥልጣናት ግን ከኋላቸው የምትመጣዋን የተሰቀለች ፒክአፕ በመስታወት ያዩዋት አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ሞቱ ብላ ያስመዘገበችው ከ4 ሺ በላይ ሰው ሲሆን፣ የድርጅቱ የራሱ ግምት ግን ከ27 ሺ በላይ ነበር። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የወደቀው ሕዝብ የማን ነው? ማን አለቀሰለት?

ከመንግሥት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የተለወጠ መኪና ከለውጡ በኋላ ከነጭነቱ ፍሬኑ ይፈተሽ። የፍሬን ዕቃ ከሌላው መለዋወጫ ተለይቶ ቀረጡ ይቅለል። ከጊቤ ቁልቁለት አናት ላይ መኪና ቆሞ ፍሬን የሚያበርድበትና የሚፈተሽበት ቦታ ይዘጋጅ። ይኸው ነው።

መንግሥት እስኪሰማ ግን ቁጭ ብለን አንጠብቅ። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ መንገድ የሠራው ሹም እስኪያዝንለት ጠብቆ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከነጋዴው እስከ ሊስትሮው ድረስ እያዋጣ፣ ማኅበር አቋቁሞ አገሩን በመንገድ አገናኘ። ዕቁብ ደግሞ የዚህ ሕዝብ ሁለተኛ ደሙ ነው። ታዲያ የእንድብር፣ የጉንችሬ፣ የአገና መስመር ባለ ፒክአፖች አሥር አሥር ሆነው የፍሬን ዕቁብ ቢጥሉ ምን ይላቸዋል? ዕጣ የወጣለት ብሩን አይቀበልም፤ ጋራዥ ይገባል። ዘይት፣ ሸራ፣ ፓድ፣ ጎሚኒ ተቀይሮለት፣ ቫልቩ ተስተካክሎለት ይወጣል። ባለፈው ዘመን ለመንገዱ ያዋጣ ሕዝብ ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ በሕይወት ለመቆየት ቢያዋጣ አይበዛበትም።

የዚያን ዕለት ያ ሾፌር እንድብር በሰላም አደረሰን፤ ተመስገን። መጨረሻው ቁልቁለት ላይ ያቺ ሽታ መጣች። ከአጠገቤ ልጅ ያዘሉ አንዲት እናት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። «ምንድን ነው የሸተተው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ፍሬኑ ነው እማማ» አልኳቸው። ሾፌሩ ሰምቶ ዘወር አለና ሳቀ። «አይዞዎት እናቴ፣ ይይዛል እኮ!»

ስንወርድ ረዳቱ ሮጦ ከጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ አስገባ። በሜዳ መሬት ላይ እንኳ የራሳቸውን ፍሬን አላመኑትም። እኛን ግን እመኑ ይሉናል።