መክተፊያው ሞላ ተብሎ ጎተራ አይቃጠልም

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነበር። ጽሑፉ አልቋል፤ የቀረችው አንዲት ፎቶ ናት። ላስተካክላት ስከፍት ፕሮግራሙ «ስክራች ዲስክስ አር ፉል» ብሎ ቆመ። ኮምፒውተር ያውቃል ወደምንለው ጓደኛችን ደወልኩ። «ሲ ድራይቭህ ሞልቷል፤ ፎቶዎችህን ሰርዝ» አለኝ። ሰረዝኩ። መልእክቱ ጠፋ፤ ጽሑፉም በሰዓቱ ወጣ።

በሰረዝኩት ፎልደር ውስጥ የፒያሳዋ ዶሮ ማነቂያ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ «የድሮ ፎቶ የለህም?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው መጣ። የለኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ግን የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ቦታ ጠበበ በተባለ ቁጥር ዋናውን ፎቶ መሰረዝ የሙያችን ልማድ ሆኗል። ይሄ ልማድ ስህተት ነው እላለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፎቶሾፕ ሲሠራ ራም ካልበቃው ከሃርድ ዲስኩ ላይ ለጊዜው ቦታ ይበደራል። ስክራች ዲስክ የሚባለው ይሄ የብድር ቦታ ነው። በጓዳ ቋንቋ መክተፊያ ነው፤ ጎተራ አይደለም። ብድሩ ለምን እንደሚበዛ ሒሳቡን እንሥራ። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሳ ፎቶ ተቀምጦ ሳለ ጥቂት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ሲከፈት ግን እያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ይይዛልና 72 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ16 ቢት ከሆነ ደግሞ 144። በላዩ ላይ ሌየር ሲደረብ፣ ወደ ኋላ መመለስ እንድንችል የየእርምጃው ታሪክ ሲቀመጥ፣ ጊጋባይቱ ይቆለላል።

«ፎቶ ስንሰርዝ መልእክቱ ይጠፋል እኮ» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ቦታ ስለተለቀቀ ለጊዜው ይጠፋል። የምክሩ አደጋም እዚሁ ላይ ነው፤ ትክክል ይመስላል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። መብራት ድንገት ጠፍቶ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ ሲቋረጥ፣ ጊዜያዊ ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ ይቀራሉ። መብራት ሲመላለስ በሚያመሽበት ከተማ ይሄ ስንቴ እንደሚደርስ እናንተው ታውቃላችሁ።

ሌላው ወጥመድ ክሮፕ ነው። 1080 በ1080 ፒክስል ልትቆርጡ አስባችሁ መለኪያው ሳንቲሜትር ላይ፣ ጥራቱ 300 ላይ ቆይቶ ከሆነ፣ ያዘዛችሁት በየጎኑ ከ127 ሺህ በላይ ፒክስል ያለው፣ 49 ጊጋባይት ገደማ የሚሆን ምስል ነው! ለዚህ የአሥር ዓመት ማኅደር ቢሰረዝ ምን ይፈይዳል?

ስለዚህ አንዲት ፎቶ ከመሰረዛችሁ በፊት ይሄን አድርጉ። በመጀመሪያ የክሮፕ መለኪያውን እዩ። ቀጥሎ ሥራችሁን ሴቭ አድርጉና ኤዲት ውስጥ ፐርጅ፣ ከዚያ ኦል በሉ፤ የተከማቸው ታሪክ ይጸዳል፤ ወደ ኋላ መመለስ እንደማይቻል ግን ልብ በሉ። ካልበቃ ፎቶሾፕን ዝጉና በዊንዶውስ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ስማቸው «ፎቶሾፕ ቴምፕ» ብሎ የሚጀምሩትን ፋይሎች አጥፉ። በመጨረሻ ፕሪፈረንስስ ውስጥ ገብታችሁ ስክራች ዲስኩን ከሲ ወደ ሌላ ሰፊ ድራይቭ አዙሩ። ፕሮግራሙ አልከፈት ካለ ሲነሳ ኮንትሮልና ኦልትን፣ በማክ ኮማንድና ኦፕሽንን ተጭናችሁ ያዙ፤ ምርጫው ራሱ ይመጣል። «ፎርማት ይደረግ» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ ደግሞ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ ልምጣ፤ ወደ አለቃው። ለአውደ ጥናት ሻይ ቡና በጀት የማያጣ ተቋም ለፎቶ ማስቀመጫ የሚሆን ሃርድ ዲስክ ሲጠየቅ «በጀት የለም» ይላል። ሪፖርተሩ የአገር ማኅደር በራሱ ላፕቶፕ ተሸክሞ ይዞራል። ላፕቶፑ ሲሞላ አለቃውን ከመጠየቅ ፎቶውን መሰረዝ ይቀለዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ሰፈር ይፈርሳል፣ ሰው ያልፋል፣ ባለሥልጣን የተናገረውን ይክዳል። ያኔ ምስክር የሚሆነው ዋናው ፎቶ ነው። ድረ ገጽ ላይ የወጣችው ተቆርጣና ተጨምቃ ያነሰችው ቅጂ አትተካውም። አለቆች ሆይ፣ ማስቀመጫ ግዙ። ባልደረቦቼ፣ እስኪገዙ ድረስ ጠይቁ፤ እስከዚያው ግን እጃችሁን ከዲሊት ላይ አንሱ።

ቸር እንሰንብት!